በሮዛሊን ኋላ ላይ የተጻፈው ስም

ቬርና የዚያን ዕለት ጠዋት ለባሏ ያለችው ነገር አጭር ነበር።

«ዓርብ ጀልባዋ ውሃ ላይ ስትወርድ ያ ስም ኋላዋ ላይ ካለ፣ እኔ ውስጧ የለሁም።»

ሃርላን ዳቦው ላይ ቅቤ እየቀባ፣ «እሺ፣ እናያለን» አላት። እናያለን! ስምንት ዓመት ሙሉ እናያለን። ከዚያ ለሞተሩ የውሃ ፓምፕ ጎማ ሊገዛ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ወደ ከተማ ነዳ። እሷም አልተኛችለትም፤ ሻንጣዋን ከጀልባዋ በመሰላሉ አውርዳ አሮጌዋ መኪና ውስጥ ወረወረችው። ስፖኬን ከተማ ያለችው እህቷ ጋ ደውላም፣ «አልጋ አንጥፊልኝ» አለቻት።

የሚኖሩባት ጀልባ ስም ሮዛሊን ነው። ሮዛሊን ደግሞ የሃርላን የመጀመሪያ ሚስት ናት። ሁለቱ በአንድ ጎተራ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንጨት እየላጉ ሠርተዋት፣ ውሃ ልትነካ ወር ሲቀራት ሴትዮዋ ጥላው ሄደች። እስቲ አስቡት፣ አንድ ሌሊት እንኳ አላደረችባትም! ያደረችው ቬርና ናት። የሽንት ቤቱ ፓምፕ ሲደፈን እጇን እስከ ብብቷ የምትሰድ ቬርና፣ ሞተሩ ሥር በሆዷ ተስባ ጓርኒሲዮኒ የምትቀይር ቬርና፣ በየሚያዝያው ጀልባዋ በክሬን ወጥታ ብረት ድጋፍ ላይ ስትቆም ሆዷ ላይ የተጣበቀውን የባሕር ቅርፊት ስትፍቅ ትከሻዋ የሚወልቅ ቬርና።

ስሙን ግን አትነካም። ስሙ የሃርላን ነው። በየዓመቱ ከጀልባዋ ኋላ በተዘረጋ መቆሚያ ጣውላ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ በቀጭን ብሩሽ ፊደል በፊደል ያድሰዋል። ጠጋ ስትል፣ «ዞር በይ፣ ጥላሽ ወደቀብኝ» ይላታል። ለእሷ የልደት ካርድ ላይ እንኳ አንዲት ፊደል ብቻ ጭሮ ነው የሚሰጣት። ይኼ አንጀት አያሳርርም?

ይባስ ብሎ ውሃ ላይ የሚኖር ሰው የሚጠራው በጀልባው ስም ነው። በሬዲዮ «ሮዛሊን፣ ሮዛሊን» ሲሏት «አቤት» የምትለው እሷ ናት። ልብስ ማጠቢያው ቤትም ሮዛሊን፣ የፖስታ ሳጥኑ ጋም ሮዛሊን። በሌላ ሴት ስም አቤት ስትል ምላሷ መራራ ነገር የላሰ ይመስላታል። ቀይርልኝ ስትለው ደግሞ መልሱ የታወቀ ነው፤ የጀልባ ስም አይቀየርም፤ ይቀየር ከተባለም ከመቅዘፊያውም ከኩባያውም ከመዝገቡም ድራሹ ሳይጠፋ፣ ለባሕሩም መጠጥ ሳይፈስስለት ከተነካ ባሕሩ ይበቀላል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ደርሶ የማያውቅ ሰው፣ እዚህ ላይ ሲሆን አማኝ ይሆናል። ሲመቸው!

ረፋዱ ላይ መፋቂያዋን ይዛ መሰላሉ ላይ ወጣችና ከስሙ ፊት ለፊት ቆመች። እጇ እምቢ አላት። ስምንት ዓመት ከውሃ ሰዎች ጋር ኖራ ፍርሃታቸው ተጋብቶባት ኖሯል። ባይሆን የጀልባዋን ሆድ ልፋቅ ብላ ልትወርድ ስትል፣ ከጀልባ መጠገኛው ግቢ ማዶ የክሬኑ ነጂ ዴልማር ጮኸ።

«ሮዛሊን! የቀለም ቆርቆሮሽ መጥቷል!»

«አቤት!» አለች ቬርና።

«አቤት?» አለ ሌላ ድምፅ ከሥሯ።

ቁልቁል አየች። ነጭ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ቢጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰች ቀጭን አሮጊት አንጋጣ ታያታለች። ቬርና ማን እንደሆነች ሳይነግሯት አወቀች። መሰላሉን ጨበጠች።

«ይቅርታ፣ ፌሪ መርከብ ልሳፈር እየሄድኩ ከመንገድ ላይ ስሜን አየሁት» አለች አሮጊቷ። «አሁንም አላነሳውም?»

«እርስዎን ደስ እንዲልዎት በየዓመቱ ያድሰዋል» አለች ቬርና፤ «እርስዎ» ያለችው ከአክብሮት አልነበረም።

«እኔን? ልጄ፣ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፌ አንሳልኝ ብዬዋለሁ እኮ። ሰው ባየኝ ቁጥር ‹ጀልባሽ እንዴት ናት› ይለኛል። እኔ ገንዳ ውስጥ ስገባ እንኳ የሚያቅለሸልሸኝ ሰው!»

ቬርና ልትደሰት ይገባ ነበር። አልተደሰተችም። ደሟ ፈላ። ሴትዮዋ ራሷ ወዲያ በለኝ ያለችውን ስም ነው እንግዲህ ትንፋሹን ይዞ የሚቀባው! ስሙን የምትወደው ብትሆን እንኳ ይሻል ነበር።

«ደብዳቤውን ለእኔ አላሳየኝም።»

«አያሳይሽማ። በይ ያን መፋቂያ ወዲህ በይው።»

«ባሕሩ ይበቀላል ይላሉ።»

«ስሜን ይዛ ሃያ ዓመት ስትዞር ለእኔ ምን በጎ ነገር አመጣችልኝ? ይበቀል!»

አሮጊቷ ካፖርቷን አውልቃ ጣውላው ላይ ወጣች። መፋቂያውን እንጨቱ ላይ አጋድማ ስትገፋው ቀለሙ አንድ ወጥ ሆኖ ተላጠ። ቬርና የአሮጊቷን እጅ አየች። ያ እጅ የጀልባዋን እያንዳንዱን ጣውላ ያውቀዋል፤ የቱ ጋ ጉጥ እንዳለ፣ የቱ ጋ እንደሚለሰልስ ያውቃል። አሁን ደግሞ በዚህ ቀናች።

«ስጪኝ!» ብላ ነጠቀቻት። «ይኼን እኔ ነኝ የምፍቀው። አንቺ እሺ ካልሽ ብርጭቆ ወረቀቱን ያዢ።»

«አሁን ገና ሰው ሆንሽ» አለች ሮዛሊን፣ እየሳቀች።

ፋቁ። አንዷ ትልጣለች፣ አንዷ ታለሰልሳለች። ሮዛሊን በመሃል፣ «አሁንም ካልሲውን ሾርባ ማሰሮው አጠገብ ያደርቃል?» ብላ ጠየቀቻት።

«ማሰሮው ክዳን ላይ» አለች ቬርና፤ ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው በሳቋ ተናደደች።

ሃርላን ሲመጣ እንጨቱ ባዶ ነበር። ከብስክሌቱ ሳይወርድ አንድ እግሩን መሬት አስደግፎ ቆመ። መጀመሪያ ያየው ባዶውን እንጨት ነው። ቀጥሎ አሮጊቷን።

«ሮዚ» አለ።

እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው ቬርና አታውቅም ነበር። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ባለ ድምፅ አልጠራትም። መፋቂያውን ጣለችና መሰላሉን ወረደች። መኪናው ጋ ለመድረስ ሃያ እርምጃ ይበቃታል።

ሮዛሊን ካፖርቷን እየለበሰች፣ «ሃርላን፣ ፌሪዬ ያመልጠኛል» አለችው። «አንተ ደግሞ ማየት ያለብህ እኔን አይደለም። ያቺ ልትሄድብህ ነው።» ይኼን ብላ በግቢው በር ወጣች፤ ዞራም አላየች።

ሃርላን ብስክሌቱን ለቀቀው፤ ወደቀ። የፓምፑ ጎማ ከቅርጫቱ ወጥታ በጭቃው ተንከባለለች። አላነሳትም። ወደ ዕቃ ሳጥኑ ሄደና ጥቁሩን ቀለምና ቀጭኑን ብሩሽ አወጣ። ቬርና የመኪናውን በር ይዛ ታየዋለች። ሊጽፈው ነው፣ አለች በሆዷ፤ ዓይኔ እያየ መልሶ ሊጽፈው ነው።

መጣና ብሩሹን ዘረጋላት።

«አንቺ ጻፊ።»

«እኔ? ጥላሽ እንኳ አይረፍበት ስትል ከርመህ?»

«ብዬ ነበር።»

«እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«ይንቀጠቀጥ።»

«ደብዳቤዎቹንስ?»

ሃርላን አንገቱን ደፋ። «አቃጠልኳቸው። ስሙ ከተነሳ ዘጠኙ ዓመት እንዳልነበረ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ባሕሩን ፈርቼ አይደለም። ዋሸሁሽ።»

ቬርና ብሩሹን ተቀብላ ወጣች። ጣውላው ላይ በደረቷ ተኛች። የራሷ ስም በእንግሊዝኛ አምስት ፊደል ናት፣ ቀላል ናት ብላ ነበር፤ አልሆነችም። ሁለተኛዋ ወደ ግራ አዘመመች፣ የመጨረሻዋ ከሌሎቹ ወፈረች፣ ከሥሯም አንዲት ጠብታ ቀለም ቁልቁል ወረደች። ሃርላን ጠብታ አይወድም። እጁ ወደ ጨርቁ ሲሄድ አየችው። እጁ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ኪሱ ገባ።

«ጠማማ ነው» አለችው።

«ነው» አለ። «አይነካም።»

ከግቢው ማዶ ዴልማር እንደገና ጮኸ። «ሮዛሊን! ቆርቆሮውን አትወስጂም እንዴ?»

ቬርና አፏን ከፍታ፣ ከልማድ አቤት ልትል ነበር።

«እንደሱ የምትባል እዚህ የለችም!» ብሎ ሃርላን ቀደማት።

«ታዲያ ማን ልበል?»

«ና ኋላዋን አንብብ!»

ዴልማር እያጉረመረመ ሲመጣ ቬርና ከጣውላው አልወረደችም። «ሮዚ» ያለበት ድምፅ አሁንም ጆሮዋ ውስጥ ነበር፤ ቶሎ የሚወጣም አልመሰላትም። ብሩሹን ለሃርላን መለሰችለት።

«ሻንጣዬ መኪናው ውስጥ ነው» አለችው። «ከባድ ነው። አንተ ተሸክመህ ጀልባዋ ላይ አውጣው።»