የታሸገው ሽንት ቤት

በሰፈሩ ምግብ ቤቶች ዘንድ ስሙ «ነጭ ጓንት» ነበር። የጤና ተቆጣጣሪ ነው። ኩሽና ሲገባ ከኪሱ ነጭ ጓንት አውጥቶ ያጠልቃል፤ መደርደሪያውን በአንድ ጣቱ ጫን አድርጎ ያብስና ጣቱን ወደ ብርሃኑ ያነሣል። ጣቱ ከጠቆረ ምክሩ ረጅም ነው፤ ካልጠቆረም ምክሩ ረጅም ነው።

እንግዲህ ሽንቱን እንደ እሳት ያቃጠለው ይህንኑ ሰው ነው።

ለሥራ ጉብኝት ሌላ ከተማ ሄዶ ነበር። እዚያ ከአንዲት ባልደረባው ጋር ያደረገውን እሱና እሷ ያውቃሉ። ከተመለሰ በኋላ የውስጥ ሱሪው ላይ መግል አየና ክው አለ። «ብርድ መትቶኝ ነው» ብሎ ራሱን አጽናና፤ ሩቅ ካለ መድኃኒት ቤትም «ለወንድሜ ነው» ብሎ ክኒን ገዛ። ትንሽ ሻል ሲለው ግማሹን ተወው። በሽታው ግን ለካ ዕረፍት ወጥቶ ኖሯል፤ ጉልበቱን አድሶ ተመለሰ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ በከተማው ሌላ ጫፍ ወዳለ ክሊኒክ ሄደ። ሐኪሟ ልጁን የምታህል ሴት ሆና ስትገኝ ሊመለስ ምንም አልቀረውም።

«ምን ሆኑ?»

«ኩላሊቴ መሰለኝ።»

«ፈሳሽ አለው?»

«ኩላሊቴ?»

«ብልትዎ፣ ጋሼ።»

ኮፍያውን ይበልጥ ወደ ዓይኑ ሳበ። ሐኪሟ ፊቷን እንኳ ሳትለውጥ ናሙና ወስዳ፣ ሽንትም አሰጥታ አስመረመረችው። ውጤቱ ሲመጣ፣ «ጨብጥ ነው» አለችው። «ብዙ ጊዜ አብሮት የሚመጣ ሌላ በሽታም ስላለ መርፌም ክኒንም አዝዝልዎታለሁ። ክኒኑን ቢሻልዎትም ሳይጨርሱ እንዳያቆሙ። ለቂጥኝና ለኤች አይ ቪም ደም ይሰጣሉ።»

«ከሽንት ቤት መቀመጫ ይሆናል የያዘኝ» አለ፣ ኮስተር ብሎ።

«ጨብጥ ከመቀመጫ አይያዝም፤ ከሰው ነው። ባለቤትዎም ይምጡ፤ ሌላም ሰው ካለች ይንገሯት። ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም፤ ውስጥ ውስጡን ግን ማኅፀን ይጎዳል። ሁላችሁም ታክማችሁ ሳምንት ሳይሞላ ግንኙነት የለም።»

መርፌውን ተወግቶ ወጣ። ለባልደረባው ስልክ ደውሎ እየተንተባተበ ነገራት። ለሚስቱ ግን እውነቱን ሊነግራት አልደፈረም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናዋ ጎን ቁጭ ብሎ፣ «ከምግብ ቤት ሽንት ቤት፣ ከመቀመጫው በሽታ ያዘኝ። አንቺም ብትታከሚ ይሻላል» አላት።

እግሯን ከመርገጫው አነሣች። «የትኛው ምግብ ቤት?»

«ይሄ... አስፋልቱን ተሻግሮ ያለው» አለ፣ አፉ ላይ የመጣለትን።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሰፈሩ እስኪያልቅ ነው? አሽገዋ!»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የሱ ግን አድሮ ከበደው። በማግሥቱ የምግብ ቤቱን በር አሽጎ «ለጤና አስጊ» የሚል ወረቀት ለጠፈበት። የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በዚያች ቤት የምታሳድግ ሴት፣ «ምን ጎደለ? ምን አጠፋሁ?» ብላ ብትለምነው፣ «ይጣራል» ብሏት ሄደ።

ማታ ቤቱ ሲገባ ሴትዮዋን ከሚስቱ ጎን ተቀምጣ አገኛት።

«ጋሼ፣ እባክዎ ጥፋቴን ይንገሩኝ» አለች እየተነሣች።

«ንገራታ» አለች ሚስቱ። «ከመቀመጫው በሽታ እንደሚይዝ ንገራት።»

«ከየትኛው መቀመጫ?»

«ከሽንት ቤቱ» አለ፣ ድምፁ እንደ ልቡ አልወጣለትም።

ሴትዮዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ ሚስቱን አየች። «ኧረ ጋሼ! የኛ ሽንት ቤት እኮ የቁጢጥ ነው። ምን መቀመጫ አለውና!»

ስንት ዓመት ያችን ኩሽና ሲፈትሽ ሽንት ቤቱን አንድ ቀን ገልጦ አላየውም። ሽታ አይወድም።

ሚስቱ አልጮኸችም። ሴትዮዋን እስከ በር ሸኘቻትና ተመልሳ ፊቱ ቆመች።

«ማን ናት?»

ነገራት። ሲነግራት ወለሉን ነበር የሚያየው። እሷም ትራሱንና አንድ ብርድ ልብስ ሳሎን ወርውራ የመኝታ ቤቱን በር ዘጋች።

በማግሥቱ ማለዳ እሽጉን በገዛ እጁ ፈታ። ሴትዮዋን ይቅርታ ሲጠይቃት፣ «ለኔ ይቅር፤ ለእትዬ ያስቡ» አለችው። ከዚያ ሚስቱን ይዞ ክሊኒክ ሄደ። አንድም ቀን ሳያማት እሷም ላይ ተገኘ። የእሱ ሲያቃጥለው እንኳ እንዲያ አልተሰማውም፤ ሐኪሟ ፊት እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

ሲወጡ ሚስቱ ወገቧን ይዛ ቀስ እያለች ትራመዳለች።

«አመመሽ?» አላት።

«መርፌውስ አላመመኝም» አለችና ታክሲው ኋላ ወንበር ላይ ብቻዋን ገብታ በሩን ዘጋች። እሱ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ።