የወንጌላዊት ቁርስ

እዚያ ላይ ሆና ራሷን ቢያዞራት ማን ይይዝልኛል?

ማንን ልጠይቅ? የጤና ጣቢያዋን ልጅ ብጠይቃት ሳቀችብኝ። የንስሐ አባቴ «ጸልዪ» አሉኝ። እጸልያለሁ፤ ግን ውዳሴ ማርያሙን ሳልጨርስ ያች ፌንጣ የምታህል አውሮፕላን እየጮኸች በሰፈራችን በፋሲሎ ጣራዎች ላይ ታልፋለች፤ የቀረውን እንዴት እንደምጨርሰው አላውቅም። ጎረቤቶቼም ቀና ይላሉ። በዚህ ዘመን የሞተር ድምፅ ከሰማይ ሲመጣ በደስታ ቀና የሚል ሰው የለም። «ያንቺዋ ናት?» ይሉኛል። «አዎ» ስላቸው ዝም ይላሉ። ያ ዝምታቸው አይወደኝም፤ እኔም አልወደውም።

ወንጌላዊት የልጄ ልጅ ናት። እናቷ መሲ ለሥራ ዐረብ አገር ከሄደች ወዲህ እኔው ነኝ ያሳደግኋት። አብራሪነት ተምራ ተመርቃለች፤ ግን ትልልቁን አውሮፕላን ለመያዝ መጀመሪያ በትንሹ ብዙ ሰዓት መብረር አለባት አሉ። «ሰዓት እየሰበሰብኩ ነው፣ እምዬ» ትለኛለች። ሰዓት እንደ ጭራሮ ይለቀማል እንዴ?

ሥራው የበጋ ሥራ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ደመናው ሲገፈፍ፣ እምቦጭ የተባለው አረም ጣናን የት ድረስ እንደያዘው ከላይ ፎቶ ያነሣሉ። ከአውሮፕላኗ ሆድ ሥር ካሜራ አለ። እሷ ደግሞ ከዚህ ዳር እዚያ ዳር፣ ከዚያ ዳር እዚህ ዳር፣ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ትመላለሳለች። ለጥምቀት ያበቃል። እስከዚያ ሰዓቷ ከሞላ ለትልቁ ሥራ ፈተና ትጠራለች፤ ካልሞላ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ይህን ከነገረችኝ ወዲህ ስትነሣም እጨነቃለሁ፣ ነፋስ በዝቶ ስትቀርም እጨነቃለሁ።

ሌላው ጭንቄ ወንድሜ ናቸው። መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ታናሼ ናቸው፤ አዝዬ ነው ያሳደግኋቸው፤ መሪጌታ ከሆኑ ወዲህ ግን አንቱ እላቸዋለሁ። ሴት በማትረግጣት ደሴት ያገለግላሉ። የወንጌላዊት መስመር ደግሞ በዚያች ደሴት አናት ላይ ያልፋል።

«ሴት በጀልባ መጥታ ከወደቡ ትመለሳለች፤ ያንቺዋ በመቅደሱ አናት ትሄዳለች!» አሉኝ። «አባቶች ድምፁን በሰሙ ቁጥር የሚያዩት እኔን ነው።»

እንግዲህ እኔ አንድ ነገር አሰብሁ። የወንጌላዊትን አለቃ ካፒቴን ደሞዝን ቤቴ ጠርቼ አብልቼ «ልጄን አደራ» ልለው። ሰው እህል ቀምሶ አደራ ከተቀበለ ይጠብቃል። ወንድሜንም ጠራሁ፤ ፊት ለፊት ቢተያዩ ነገሩ ይበርዳል ብዬ።

«አትጥሪያቸው» አለችኝ ወንጌላዊት። «ሥራዬንና ቤቱን አታገናኚብኝ።»

«ምን አጠፋሁ? ላብላው ነው እንጂ።»

«እምዬ፣ በእግዜር! ተይኝ።»

አልተውኋትም።

የነቢያት ጾም ነበርና ገበታው የቀረበው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ሽሮና ጎመን ሠራሁ፤ ለካፒቴኑ ከሐይቁ ዳር ዓሣ አስመጥቼ ጠበስሁለት። ረዥም፣ ፀጉሩን የተላጨ፣ ሲቀመጥ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው። ወንድሜ ዓሣውን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ።

«በጾም?»

«ለእንግዳው ነው» አልሁ።

«እንግዳው አይጾምም?»

«መንገደኛ ነኝ፣ መሪጌታ» አለ ካፒቴኑ እሾኹን እየለቀመ። «ሰማይ ላይ ሥጋ ቤት ስለሌለ ግማሹን ቀን እጾማለሁ።»

ወንድሜ ወደ ወንጌላዊት ዞሩ።

«አንቺስ? በገዳሙ ላይ ስታልፊ ጫማሽን ታወልቂያለሽ?»

«ከላያችሁ የሚያልፉት ወፎች ሁሉ ወንዶች ናቸው እንዴ፣ መሪጌታ?»

«ወፍ ተሳዳቢ አይደለችም።»

«እኔም ሥራ ላይ ነኝ።»

«ሥራ! ሱሪ ለብሶ ከወንድ ጋር ተዘግቶ መዋል ሥራ ከሆነ...»

«መሪጌታ» አለ ካፒቴኑ፤ እንጀራውን አስቀመጠ። «እኔ መስመር የምዘረጋው አረሙ ባለበት ነው። ደሴቷን ዙሩ ካሉ አረሙን ይጠይቁት።»

«አንተን ማን አናገረህ?»

«ተዉ እንጂ፣ ብሉ» አልሁ። ወንድሜን ላጐርሳቸው ብል እጄን መለሱት።

«ከማን ጋር ነው የምበላ? ጾሙን ከጣለች ጋር?» አሉ። «አየር ማረፊያው ያለ ሰው ሁሉ ጠዋት እየበላ ነው የሚነሣ። ይህችም ያው ናት። ከደሴቲቱ በላይ የምታልፈው ጠግባ ነው!»

ይህን አልቻልሁም። ሌላውን ሁሉ ይበሏት፤ ጾሟን ግን እኔ አውቃለሁ። በየጠዋቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ በር የምከፍትላት እኔ ነኝ። «ውኃስ?» ስላት «ጾም ነው፣ እምዬ» ብላ ትከሻዬን ስማ የምትወጣ ልጅ ናት። በልቤ ኮርቼ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ የኖርሁት።

«ሐሰት ነው!» አልሁ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ። «ልጄ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ በአፏ አይዞርም! ማክሰኞ ዕለት ራሷን አዙሯት ግድግዳ ይዛ ነው የገባች። ያን ቀን እንኳ ብይ ብላት እምቢ አለችኝ። ከእርስዎ ደቀ መዛሙርት ማንኛው ነው እንዲህ የሚጾም?»

ወንድሜ ዓይናቸውን ሰበሩ፤ አሸነፍኋቸው አልሁ በሆዴ። ወንጌላዊትን ስመለከት ግን ፊቷ አመድ መስሏል።

ካፒቴኑ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ እያንዳንዱን ጣቱን።

«ማክሰኞ?» አላት።

«ካፒቴን፣ እንደሱ አይደለም።»

«ማክሰኞ ምን ሆነሻል?»

«ነፋስ ነበር። ሲያላጋን ስለዋለ ነው። ቤት ስገባ ትንሽ...»

«ራስሽን አዙሮሻል። ለእኔ አልነገርሽኝም።»

«እኔ ነኝ የነገርሁህ» አልሁ ቶሎ ብዬ፤ «እንድትጠብቅልኝ ነው። ልጄን አደራ ልልህ ነው የጠራሁህ...»

«ገባኝ፣ እማማ አገርነሽ። እግዜር ይስጥልኝ።» ወደ እሷ እንደዞረ ነው። «ከውኃው በላይ ዝቅ ብለን ነው የምንበረው። ባዶ ሆዱን ውሎ ራሱን የሚያዞረው አብራሪ ከጎኔ አላስቀምጥም። ከነገ ጀምሮ አትመጪም።»

«እበላለሁ!» ብላ ጮኸች።

ድምፅዋ እንዲያ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

«እበላለሁ፣ ካፒቴን! በየቀኑ ቁርስ እበላለሁ። እንቁላል በዳቦ። ጾሜ አላውቅም!»

ወንድሜ አማተቡ። እኔ የማደርገው ጠፋኝ፤ የውኃውን ማሰሮ አነሣሁ፣ መልሼ አስቀመጥሁት።

«የት ነው የምትበይው?» አለ ካፒቴኑ። «ሁላችንም ከመነሣታችን በፊት አብረን ነው ቁርስ የምንቀርበው። አንቺ አንድም ቀን ቀርበሽ አታውቂም።»

«ባጃጅ ውስጥ ነው። ከመንገድ ገዝቼ፣ መጋረጃውን ጋርጄ።»

«ለምን?»

ወደ እኔ አየች። «በዚህ ከተማ አንድ ሰው ካየኝ ማታውኑ ለእምዬ ይደርሳታል። እንዳታዝን ብዬ ነው።»

«ያየሽ ሰው አለ?»

«እንዳያዩኝ ነው እያልኩህ ያለሁት!»

ካፒቴኑ ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ። «ወይ ለአያትሽ ዋሽተሻል፣ ወይ አሁን ለእኔ ትዋሺያለሽ። የቱ እንደሆነ አላውቅም። እዚያ ላይ ሆነሽ ‹ደኅና ነኝ› ስትይኝ ደግሞ ማመን አለብኝ። አልችልም።»

«እስከ ጥምቀት ብቻ! ሰዓቴ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። አሁን ካቆምክኝ ፈተናው ያልፈኛል፤ ታውቃለህ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«እና?»

«እና ዓመት ደግሞ አመልክቺ።» ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ዓሣው ጥሩ ነበር፣ እማማ።»

ወንድሜ ተከትለውት ተነሡ። «እንቁላል፣ በነቢያት ጾም!» አሉ መቋሚያቸውን እየፈለጉ። «ከዚህ ቤት ሁለተኛ እህል አልቀምስም፣ እኅት ዓለም። ለእሷ ስትይ በእኔ ፊት ቆመሽ የማልሽው ማንን ይዘሽ ነው?»

«አልማልሁም» አልሁ። ግን በሩን አልፈው ነበር።

ሁለታችን ቀረን። ገበታው እንዳለ ነው፤ ሽሮው በላዩ ቆዳ ሠርቷል። ለምን ዋሸሽኝ ልላት ነበር። ለምን በባጃጅ ተደብቀሽ ትበያለሽ፣ እኔ አውሬ ነኝ ወይ፣ ልላት ነበር። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ነገር መጣብኝ፤ ነገ ጠዋት አትነሣም አልሁ በልቤ። ነገ ያ ድምፅ በጣራዬ ላይ አያልፍም። ውዳሴ ማርያሜን እስከ መጨረሻው እደግማለሁ። ትከሻዬ ወረደ፤ ስንት ጊዜ ታስሮ የኖረ ትንፋሽ ከአፌ ወጣ።

ወንጌላዊት ትመለከተኝ ኖሯል።

«ደስ አለሽ» አለች።

«ኧረ በጭራሽ! ወንጌል፣ እኔ ለአንቺ ብዬ...»

«ፊትሽ ላይ ነው ያለው።»

ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንሁ። ምን ልበላት? ደስ አላለኝም ብላት ሁለታችንም ውሸታም ልንሆን ነው። ከጓዳ የቁም ሣጥኑ በር ሲከፈት፣ የሻንጣዋ ዚፕ ሲጎተት ሰማሁ። በር ላይ ሄጄ ቆምሁ። «የት ትሄጃለሽ? ወዴት ነው? ማን ዘንድ ታድሪያለሽ?» አልኋት። ልብሷን አጣጥፋ ታስገባለች። «ካፒቴኑን እኔ እለምነዋለሁ፤ ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ፤ ጠግባ ነው የምትወጣው፣ እኔው አብልቼ እሸኛታለሁ እለዋለሁ» አልኋት። ጆሮ ማዳመጫዋን በሸሚዝ ጠቅልላ ከላይ አስቀመጠችው፤ ሻንጣውን ዘጋች።

«እሺ ቅመሺና ሂጂ» አልሁ። «ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመ...»

አፌ ላይ ቀረ።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሻንጣውን አንሥታ፣ በእኔና በበሩ መቃን መካከል ጎኗን አጥብባ አለፈች። ልብሷ እንኳ አልነካኝም። የውጭውን በር ከፍታ ወጣች።