ትከሻውን ለጌታ የሰጠው ሰው

የወንዳፍራሽ ምላስ ቢዘረጋ ከናይሮቢው ካሳራኒ ተነስቶ ሞያሌን ይሻገርና አዲስ አበባ ላይ ሄዶ ይታጠፋል። ደርግ በወደቀ በወሩ ናይሮቢ ከገባ አምስት ዓመቱ ነው። በእነዚህ አምስት ዓመታት የኢስትሊ ሻይ ቤቶች ግድግዳ ሳይቀር በቃሉ የሚወጣው አንድ ታሪክ አለው፦ አዲስ አበባ ትልቁ ቴአትር ቤት የተወዛዋዦች አለቃ ነበር።

«ትከሻዬን አንዴ ስሰብቀው የሦስተኛው ረድፍ ሰው ባርኔጣ ይወድቅ ነበር» ይላል።

«እስቲ አሳየን» ያለው ሰው ካለ ደግሞ ምሽግ አለው። «ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ ዘፈን በቃኝ፤ ትከሻዬን ለእርሱ ሰጥቻለሁ።» ወንድሞች «ሃሌ ሉያ!» ብለው ያልፋሉ። የፈረንሳዮቹ የማዥኖ ምሽግ እንኳ እንዲህ አልጠነከረም።

እውነቱ ግን ወንዳፍራሽ በዚያ ቴአትር ቤት አሥራ አንድ ዓመት መጋረጃ ሲስብ ኖረ እንጂ አንዲት ቀን መድረክ አልረገጠም። ይህን የሚያውቁ ሦስት ናቸው፤ እግዚአብሔር፣ ሚስቱ የሺወርቅ እና የመጋረጃው ገመድ።

የዘጠኝ ዓመቷ ልጁ ሚልካ አታውቅም። ሳታውቅም ለክፍሏ ልጆች በሙሉ አውርታ ጨርሳለች።

«ዳዲ፣ ሳተርዴይ የባህል ሾው አለ፤ ክላሴ በሙሉ ከነፋሚሊው ይመጣል» አለችው። «ፓረንትስ ስቴጅ ላይ ይወጣሉ። አንተ ካልወጣህ ‹ላያር፣ ውሸታም› ይሉኛል። አሁንም እያሉኝ ነው።»

«እንሄዳለና! ጉዳቸውን እናያለን» አለ ወንዳፍራሽ፣ ምሽጉን ተማምኖ።

የሺወርቅ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና ብላ አየችውና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ሽንኩርቱ ይሻላታል።

ቅዳሜ ከሰዓት የኖኅ መርከብ በመሰለ ማታቱ ታክሲ፣ ዝሆን ብቻ ሲቀር ፍጥረት ሁሉ በተጫነበት፣ ከተማ ገቡ። ወንዳፍራሽ ትርዒቱ ከሚታይበት አዳራሽ በር ጀምሮ ማናናቅ ያዘ።

«ይኼ ወንበር ነው? የጥርስ ሐኪም ወንበር ይሻላል። ይኼ መብራት ነው? ኩራዝ! መጋረጃውንማ ተዪው፤ የሻወር መጋረጃ ነው። ገመዱ ሲንጫጫ አትሰሚም? ቅባት ነክቶት አያውቅም።»

«ዳዲ፣ ሺሽ!»

«ከበሮው ደግሞ እርጥብ ነው። የኛ ከበሮ ሲመታ አቃቂ ላይ ዶሮ ይደነግጥ ነበር።»

«አንተን ግን አላስደነገጠህም፤ ከመጋረጃው ኋላ እንቅልፍህን ትለጥጥ ነበር» አለች የሺወርቅ፣ ልጇ እንዳትሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አምስት ዘመን ከሚመስሉ አምስት ጭፈራዎች በኋላ የፕሮግራሙ መሪ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ ሰውዬ፣ ወላጆችን ወደ መድረክ ጠራ። ሚልካ ዘላ ቆመች። «ማይ ዳድ! ቺፍ ዳንሰር ነበር!» አዳራሹ ዞረ። ከፊት ረድፍ አንድ ጥርሰ ፍንጭት የክፍሏ ልጅ እጁን አጣምሮ መጠበቅ ጀመረ።

ወንዳፍራሽ ተነስቶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና በአንካሳ እንግሊዝኛው ምሽጉ ውስጥ ገባ። «ይቅርታ፣ እኔ የዳንኩ ሰው ነኝ። ትከሻዬን ለጌታ ሰጥቻለሁ።»

ለሐበሻ ቢሆን እዚህ ላይ ነገሩ ባለቀ ነበር። ናይሮቢ ግን የዳነ ሰው እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወለሉ እስኪሰነጠቅ የሚጨፍርበት አገር ነው፤ ይህን ደግሞ ወንዳፍራሽ አምስት ዓመት በአጠገቡ እያለፈ ልብ አላለውም።

«ብዋና አሲፊዌ!» ብሎ ጮኸ መሪው፤ ጌታ ይመስገን ማለቱ ነው። «ወንድሜ ድኗል! እንግዲያ ለጌታ ይጨፍራላ!»

አምስት መቶ ሰው «አሜን!» አለ። ሁለት ግዙፍ እናቶች በብብቱ ገብተው እንደ ከረጢት አንስተው መድረክ ላይ አኖሩት። ከበሮው ተመታ።

ወንዳፍራሽ ትከሻውን ከፍ አደረገ። እዚያው ቀረ። ዝናብ የያዘው ሰው ይመስል ነበር። አንገቱን ሞከረ፤ አንገቱ ወደ ግራ ሄደና አልመለስ አለው። አዳራሹ መሳቅ ጀመረ። ፍንጭቱ ልጅ ወደ ሚልካ ዞሮ አፉን ከፈተ።

የሺወርቅ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ጣለች። ይህች ሴት ጌታን ከማግኘቷ በፊት በሞጣ ሠርግ ሁሉ እሷ ሳትመጣ ሙሽራ አይነሳም ነበር፤ ይህ እንኳ የተጋነነ አይደለም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ልጇን በእጇ ይዛ፣ መድረኩ ላይ ወጣች።

«ዞር በል» አለችው።

ዞር አለ። እሷ ትከሻዋን ለቀቀችው፤ አሥራ ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ትከሻ ነበርና ከበሮ መቺው ራሱ መትቶ መትቶ ላብ አጠመቀው። ሚልካ የእናቷን ትከሻ እየተከተለች ወረደች፣ ወጣች። ፍንጭቱ ልጅ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ወንዳፍራሽ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ጀርባው ከመጋረጃው ገመድ ጋር ተላተመ። የመጋረጃው ሰው ሶዳ ሊጠጣ ሄዶ ኖሯል። ወንዳፍራሽ ገመዱን ያዘ። ሚስቱ የመጨረሻዋን እስክስታ ወረደች፣ ልጁ እጇን ዘረጋች፤ ሳይቀድም፣ ሳይዘገይ፣ ገመዱን ሳያንጫጫ ያቺን የሻወር መጋረጃ እንደ ንጉሥ ካባ ዘጋት። አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ።

ከመጋረጃው ኋላ ሚልካ እያለከለከች አየችው። ገመዱን በሁለት እጁ እንደያዘ ነበር።

«ዳዲ፣ ያንተ ሥራ ይኼ ነበር?»

የሺወርቅ ዓይኗን አፈጠጠችበት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ባጭሩ መለሰ። «ይኼ ነበር።»

«መንዴይ እውነቱን ነው የምነግራቸው። ዳንሰሯ ማሚ ናት።»

«እሺ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጭፈራ ትንፍሽ አላለም። በኢስትሊ ሻይ ቤቶች የሚወራው አሁን ስለ አዲስ አበባው መጋረጃ ነው። እሑድ አራት ኩንታል ይመዝን የነበረው መጋረጃ ረቡዕ ላይ ሰባት ገባ። ሚልካ አብራው ስትሆን «ይኼኛው እውነት ነው» እያለች ትመሰክርለታለች፤ ኪሎው ላይ ሲደርስ ግን ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።