የነገሳ አንቲረስት

«ብቻችንን ብንነጋገር ይሻላል» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ፣ ላሊሴን ከለቅሶው ድንኳን ጀርባ ወደ አጥሩ ጥግ ይዘዋት ሄደው። «ሰው ፊት የሚወራ አይደለም።»

ላሊሴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠበቅ አደረገች። አባቷ ነገሳ ከተቀበረ ጀምሮ ይህን ሰዓት ስትጠብቀው ነበር። ኦቦ ዲሪርሳ የአባቷ የልብ ወዳጅ ናቸው፤ የእድሩም ዳኛ እሳቸው ናቸው። ዳኛ ደግሞ ዝም ብሎ ሰው ወደ ጥግ አይጠራም።

«ኦቦ፣ እኔ እንዲህ ይሆናል ብዬ አልነበረም...»

«ምን በወጣሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። አንቺን ማን ይወቅሳል?» ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የምጠይቅሽ ልኩን ነው። ለአንድ ኩባያ ውሃ ስንት ቅጠል ነው? እስከ ዛሬ የሚቀምምልኝ አባትሽ ነበር፤ ሳይነግረኝ ሄደ።»

ላሊሴ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ደግሞ ምነው ባልገባኝ አለች።

ከኋላቸው የነገሳ ግራዋ ቆሟል። ሰበታ ውስጥ ግራዋ ብርቅ አይደለም፤ ሴቶች የጠላ እንስራ ያጥቡበታል፣ ከመምረሩ የተነሳ ፍየል እንኳ ካልቸገራት አትቀምሰውም። የነገሳ ግራዋ ግን ዩኒቨርሲቲ የገባ ነው። ላሊሴ ለማስተርስ ጥናቷ ቅጠል የወሰደችው ከዚሁ ዛፍ ነበር።

ጥናቱ ያለቀው በጥምቀት ሰሞን ነው። በጥምቀት ማግስት ከተከራየችበት ከቡራዩ መጥታ ለአባቷ ውጤቱን ነገረችው። ስኳር እንዲይዛቸው ከተደረጉት አይጦች መካከል የግራዋ ጭማቂ የጠጡት ኩላሊታቸው እንደሌሎቹ አልተጎዳም።

«አንቲኦክሲደንት የሚባል ነገር አለው፣ አባዬ።»

የነገሳ ፊት እንደ ተዘጋ ሱቅ ሆነባት። እሱ ራሱ ስኳር ካመመው ቆይቷል፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋል። እንዲገባው ፈለገች። አባቷ በር በያጅ ነው፤ በሙያው ቋንቋ መጣችለት።

«ስኳር ሲበዛ ውስጥህን ያዝገዋል በለው። ቅጠሉ ዝገቱን ይከላከላል። እንደ አንቲረስት።»

«ታዲያ እንዲህ ብለሽ አትነግሪኝም?» አለ ነገሳ። ብረት እንዳይዝግ የሚቀባው ያ ቀይ ቀለም ከጥፍሩ ሥር ጠፍቶ አያውቅም። ወጣና ቅጠል ቀንጥሶ አኘከ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«መረረህ?»

«ከግብር ይሻላል።»

«አይጥ ላይ ነው እኮ፣ አባዬ። ሰው ላይ ገና አልተሞከረም።»

«እኔስ ከአይጥ አንሳለሁ እንዴ?»

ተሳሳቁ። ያን ቀን ነበር አለመሳቅ።

ሰበታ ላይ ወሬ ከሚኒባስ ይፈጥናል፤ ሰው እስኪሞላ አይጠብቅም። ነገሳ በር ሊያሠራ የመጣውን ሁሉ ስለ ልጁ መድኃኒት ሳይነግር አይሸኝም ነበር። ከተፍኪ ድረስ ፌስታል ይዘው ቅጠል ሊለቅሙ የመጡ ነበሩ።

«ቅጠሉን ከወደዱት ይጠጡት፣ ኦቦ» አለች ላሊሴ አሁን፤ ኦቦ ዲሪርሳም እንደ አባቷ ስኳር አለባቸው። «መርፌዎን ግን እየተወጉ ነው፣ አይደል?»

«የምን መርፌ? አባትሽ ሲያቆም እኔም አቆምኩ።» ተነፈሱ። «እሱ ዘግይቶ ጀመረ እንጂ ቀደም ብሎ ቢጀምር ኖሮ ዛሬ አብሮኝ ይቀመጥ ነበር።»

ላሊሴ ዓይኗ ወደ መሬት ወረደ። ኦቦ ዲሪርሳ ለለቅሶ የመጡት በነጠላ ጫማ ነው፤ እግራቸው አብጦ ቆዳው ያብለጨልጫል። የአባቷም በእግሩ ነበር የጀመረው። ሐኪም ቤት ሲደርስ ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

አንድ ነገር ልትል ስትል እናቷ፣ አዴ ደጊቱ፣ ከቤት ውስጥ ጠሯት። ኦቦ ዲሪርሳም ከዛፉ እፍኝ ቅጠል ሸምጥጠው ኮት ኪሳቸው ከተቱና ወደ ድንኳኑ ተመለሱ።

ቤት ውስጥ ለቀስተኞች መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። «ዋቅኒ ጀጀቢና ኢሲኒፍ ሃ ኬኑ» ይላል የሚገባው በኦሮምኛ፤ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል የሚወጣው በአማርኛ። አንዲት የሩቅ ዘመድ የላሊሴን እጅ ይዘው፣ «ያንቺ ቅጠል ባይኖር ይህን ያህልስ መች ይቆይ ነበር» አሏት። ላሊሴ አመሰገነች። ምን ትበል?

እናቷን ወደ ጓዳ አስገብታ በሩን ገርበብ አደረገች። ፍሪጁ እዚያ ነው። የቀብሩ ቀን የእድር ሴቶች ለመጣው ምግብ ቦታ ሲያስለቅቁ አንድ ፌስታል አውጥተው «ይሄ ምንድን ነው?» ብለው ሰጥተዋት ነበር። ከፋሲካ ወዲህ በየወሩ ለአባቷ የገዛችው ኢንሱሊን፣ ክዳኑ እንኳ ያልተነካ።

«ኦቦ ዲሪርሳም መርፌውን አቁመዋል፣ እማዬ። አባዬን አይተው ነው። እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«አባዬ የሞተው መርፌ አቁሞ ነው ብዬ።»

«ነገሳ ቂል ነበር ብለሽ ድንኳን ውስጥ ልታውጂልኝ ነው?» አዴ ደጊቱ ድምፃቸውን ሳያነሱ ተቆጡ። «አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ?»

«ሊሞቱ ነው እኮ።»

«የማይሞት ማን አለ?»

አዴ ደጊቱ ፍሪጁን ተደግፈው፣ ልጃቸውን ሳያዩ፣ «ሲያቆም አውቄያለሁ» አሉ። «እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነው። ‹ልጄ የደከመችበትን ትቼ የፋብሪካ ውሃ ስወጋ ብታገኘኝ ምን ትላለች? አባቴ እንኳ አላመነኝም አትልም?› አለኝ።»

ላሊሴ ልታለቅስ ፈለገች፤ እንባዋ ግን ለለቅሶ ቀን እንኳ እሺ አላለም። በየእሁዱ ትመጣ ነበር። በየእሁዱ «መርፌህስ?» ትለዋለች፤ «እንዴታ» ይላታል። እግሩ ማበጡን ስታይ እንኳ «ቆሜ ስሠራ ውዬ ነው» አላት፤ አመነችው። ለካ እያከበራት ነበር የሚሞተው።

በሣልስቱ ጠዋት ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ድንኳኑ ሞላ። የእድሩ ወጥ ቤት ኃላፊ ተረፈች ለእዝን ጠላ የመጣበትን እንስራ ግቢው ውስጥ በግራዋ ታጥባለች። ለቀስተኛው በትልቁ የብረት በር ይገባል፤ የጎረቤት ዶሮ ደግሞ ከበሩ ሥር ባለው ቀዳዳ ትገባለች። የበያጅ ቤት ነው፤ የራሱን በር ማን ይይለት።

ላሊሴ ኦቦ ዲሪርሳን ክንዳቸውን ይዛ ወደ በሩ ወሰደቻቸው። እናቷ ከድንኳኑ አፍ ሆነው እያዩዋት ነበር።

«ይሄን በር ያዩታል?»

«ነገሳ የሠራውን አጣዋለሁ?»

«ሥሩን ይዩልኝ።»

ኦቦ ዲሪርሳ በምርኩዛቸው ታግዘው ጎንበስ አሉ፤ ቀዩን ቀለም በጣታቸው ነካ አደረጉት። እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰብሮ እጃቸው ላይ ቀረ። ከሥሩ ብረት የለም።

«ማነው በተበላ ብረት ላይ ቀለም የቀባ?»

«አባዬ ነው። በክረምቱ።»

«ነገሳ እንዲህ አይሠራም። መጀመሪያ ቆርጦ ይበይዳል፣ ከዚያ ነው የሚቀባው።»

«ዓይኑ ደክሞ ብየዳው እምቢ አለው፤ ቀለሙን ብቻ ቀባው። ሰውነቱንም እንዲሁ ነው ያደረገው፣ ኦቦ። መርፌው ብየዳው ነበር። ከፋሲካ ጀምሮ አልነካውም፤ የገዛሁለት ሁሉ ፍሪጅ ውስጥ እንደታሸገ አለ። ዘግይቶ ጀምሮ አይደለም የሞተው። አቁሞ ነው።»

ከኋላዋ የነጠላ ኮሽታ ሰማች። እናቷ ፊታቸውን አዙረዋል፤ ግን አልከለከሏትም።

ኦቦ ዲሪርሳ ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደባቸው። የቀለሙን ስብርባሪ ከጣታቸው አራገፉ።

«የአይጦቹ ኩላሊት ደህና ነበር አላልሽም?»

«ደህና ነበር።»

«አሁን የት ናቸው?»

አባቷ ይህን ጠይቋት አያውቅም። ያስመረቋት መምህራንም አልጠየቋት።

«ጥናቱ ሲያልቅ... ኩላሊታቸው የሚታየው ተገድለው ነው፣ ኦቦ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። የጠጡትም ያልጠጡትም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ተረፈች ሄዱ፤ ከኮት ኪሳቸው የጠወለገውን ቅጠል እፍኝ አውጥተው እንስራው አፍ ውስጥ ጨመሩላት።

«እሰይ፣ ልቀጥፍ ልነሳ ነበር» አለች ተረፈች፣ ቀና ሳትል።

ላሊሴ ተከትላቸው መጣች። «ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን» አለች። «እሺ ይበሉኝ።»

ኦቦ ዲሪርሳ የኪሳቸውን ጨርቅ ገልብጠው የቀረውን ፍርፋሪ አራገፉ።

«ለካስ ዳነ የተባለው ኩላሊቱ ነው» አሉ። «ባለቤቱን የጠየቀ የለም።»