ሰማንያ የግራ እግር

ጋሽ ዝምታ መቀስ ከማንሳታቸው በፊት ይቆማሉ። ጨርቁን አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከጎን ያዩታል። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደገና ያዩታል። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ይቆርጡታል። በስፌት ቤቱ ሃያ ሁለት ዓመት ቆርጠው አንድ ክንድ ጨርቅ አበላሹ የሚል ሰው አልተገኘም።

ይህ ሁሉ ግን አምባሩ እስኪመጣ ነው።

አምባሩን ያመጣው ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ ነው። ስለ ምርታማነት የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ በአራተኛው ቀን የሠራተኛውን ሁሉ ክንድ አሰረ። አምባሩ የእጅ እንቅስቃሴ እየቆጠረ ነጥቡን በሩ አጠገብ ወደተሰቀለው ስክሪን ይልካል። እጅ አምስት ደቂቃ ከቆመ ጢጥ ጢጥ ይላል፤ ስክሪኑም ከባለቤቱ ስም ጎን «ተኝቷል» ብሎ ይጽፋል። ሁለት ሳምንት በተከታታይ መጨረሻ የወጣ ሰው ከቦታው ይነሳል ተባለ።

በመጀመሪያው ሳምንት አንደኛ የወጣው ቁልፍ ተካዩ ሬዲዮ ነበር። ሬዲዮ ያሉት ስለማይዘጋ ነው፤ የሚያወራው ደግሞ በእጁ ጭምር ነው። የአጎቱ መኪና እንዴት እንደተገለበጠች ሲተርክ ብቻ የሁለት ቀን ነጥብ አፈሰ። የዚያን ቀን የተከላቸው ቁልፎች አራት ነበሩ።

ጋሽ ዝምታ መጨረሻ ወጡ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠርቶ፣ አንድ ሳምንት እንደቀራቸው፣ ካላሻሻሉ የመቁረጫ ጠረጴዛው ለሌላ ተሰጥቶ እሳቸው ወደ ክር ለቀማ እንደሚዛወሩ በትሕትና ነገራቸው። ያን ጠረጴዛ ሌላ ሰው ሲደገፈው ታያቸው።

ቤት ገብተው ለሚስታቸው ሲነግሯት ሳቋ አመለጣት።

«አንተ ሰውዬ፣ ለእኔም እኮ አንድ ቀን እጅህን አወናጭፈህ አውርተህ አታውቅም። በል አሁን ተማር።»

ተማሩ። ከሬዲዮ ጎን ቆመው ስለ ዝናብ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ወሬ ሲያልቅባቸው እንደገና ስለ ዝናብ እያወሩ እጃቸውን ነፋስ እንዳገኘው የተሰጣ ልብስ ያራግቡት ጀመር። ሬዲዮም «ጋሼ፣ ቀኝዎን ዘርጋ ያድርጓት እንጂ፣ ምነው ሰሰቱ» እያለ አሠለጠናቸው። ስክሪኑ ላይ ሽቅብ ወጡ።

ሐሙስ ዕለት ለአንድ ሆስፒታል ጥበቃዎች ሰማንያ ሱሪ የመቁረጥ ሥራ ደረሳቸው። ሆስፒታሉ ጥበቃዎቹን ሁሉ አንድ ልክ ናቸው ብሎ ያምናል። ጨርቁ በፊቱ በኩል ያብረቀርቃል፣ በጀርባው ደብዛዛ ነው። ሲነጠፍ ፊትና ፊቱ እየተጋጠመ ካልተደራረበ የሚወጣው ሁሉ የአንድ ወገን እግር ይሆናል። ጋሽ ዝምታ ስለ ጉልበታቸው እያወሩ፣ ለሥራው ከመጡት ሁለት ጥቅል ጨርቆች አንዱን ሰማንያ ጊዜ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው አነጠፉና ቆረጡት።

ዓርብ አንደኛ ወጡ። ሥራ አስኪያጁ ሰርተፊኬት ይዞ፣ ባለንብረቷን እትዬን አስከትሎ መጣ። የጋሽ ዝምታ ዓይን ግን ክምሩ ላይ ነበር። አንዱን አነሱ፤ ግራ። ሌላውን አነሱ፤ ግራ። ከሥር ጎተቱ፤ ግራ።

ልብስ ሰፊዎቹ መስፋት የሚጀምሩት ሰኞ ነው፤ ሰርተፊኬቱን ተቀብሎ ዝም ማለት ይቻል ነበር።

«እትዬ» አሉ፣ «ሰማንያ የግራ እግር ቆርጫለሁ። አንድም ቀኝ የለም።»

ሥራ አስኪያጁ ቶሎ ብሎ፣ በነጥብ ደረጃ ይህ የዓመቱ ምርጥ ሳምንት መሆኑን አስረዳ። እትዬ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውት፣ ምን ይሻላል ሲሉ ቆራጩን ጠየቁ።

ጋሽ ዝምታ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ክምሩን አዩ። ያልተነካውን ጥቅል አዩ። አምባሩ ጢጥ ጢጥ አለ። ስክሪኑ «ተኝቷል» ብሎ ጻፈ። ሬዲዮ እንኳ ትንፋሹን ውጦ ነጥቡ ወረደ። ሥራ አስኪያጁ አፉን ሲከፍት እትዬ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት፤ እሳቸው አምባር ስላላሰሩ ነጥብ አላገኙበትም።

«ልኩ አንድ ነው» አሉ ጋሽ ዝምታ በመጨረሻ። «የቀረውን ጥቅል ፊቱን ወደ ታች አነጥፍና ሰማንያ ቀኝ አወጣለታለሁ። አንድ ክንድ ጨርቅ አይባክንም። ዝም የምትሉኝ ከሆነ ነው።»

ዝም አሏቸው። ሥራ መውጫ ላይ እያንዳንዱ የግራ እግር ቀኙን አገኘ። እትዬ አምባሩን በገዛ እጃቸው ፈቱላቸው፤ ጠረጴዛውም የጋሽ ዝምታ ሆኖ ጸና።

ሥራ አስኪያጁ ግን ሪፖርት ነበረበት። ስክሪኑ ያለውን አልቀየረም፤ ሠራተኛው አሥራ አንድ ደቂቃ ተኝቶ ሰማንያ ሱሪ እንዳዳነ በሐቅ ጻፈ። «ምርታማነትን ለማሳደግ የቀረበ ሐሳብ» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ብዙ አሰበና፣ ለቆራጭ ክፍል አንድ አልጋ እንዲገዛ ጠየቀ።