የሀጀራ ማደያ

ሐምሌ ነበር። ጉሙ ከሐይቁ ተነሥቶ አስፋልቱን አልብሶታል። ሀጀራ ከሐይቅ ከተማ መውጫ ላይ ባለው ነዳጅ ማደያዋ በር ቆማ ቦዩን ስታይ፣ የዝናቡ ውሃ ሐምራዊና ወርቅማ ቀለም ለብሶ ቁልቁል ይፈስሳል። ለአፍታ ውበቱ አፈዘዛት። ጎንበስ ስትል ግን ናፍጣ ሸተታት።

ማደያውን የከፈተው ባሏ እንድሪስ ነው። እሱ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ ከወንድሙ ከአሕመዲን ጋር ይዘውት ቆይተዋል።

በሦስተኛው ቀን ከታች መንደር ለተብርሃን የምትባል ሴት መጣች። ገበሬ ናት፤ ምንጯ ከማደያው ዝቅ ብሎ ነው። በጆግ ውሃ ይዛለች።

«እቴ ሀጀራ፣ እስኪ አሽችው። ላሞቼ ጠምቷቸው እያለ አፋቸውን መለሱ።»

ሀጀራ አሸተተችና አንገቷን ደፋች። «ከእኔ ነው የወጣው» አለች።

አሕመዲን ይህን ሲሰማ ተቆጣ። «ምን ብለሽ ታምኛለሽ? የታንኩን ቀዳዳ ለጥፈን ነዳጁን እንሽጥ። አፈር ይጠጣዋል።»

«አፈሩ ጠጥቶ ለሐይቁ ነው የሚሰጠው፣ አሕመዲን። ወላሂ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሊትር አልቀዳም።»

በመሬት ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ታንኮች ተቆፍረው ወጡ። ዝገታቸው እንደ እከክ ይረግፍ ነበር። ሀጀራ ወጪውን ለመሸፈን ነዳጅ ማመላለሻ ቦቴዋን ሸጠች፤ ለለተብርሃንም በየጠዋቱ ንጹሕ ውሃ በባጃጅ አስጫነች። በአንደኛው ጉድጓድ ግድግዳው ድርብ የሆነ አዲስ ታንክ ገባ። ሁለተኛው ጉድጓድ አፍ ላይ ግን ብዙ ቀን ቆማ አሰበች። ዝናብ ሞልቶት ደመና ይንሳፈፍበታል።

«ይኼኛው ይደፈን» አለች በመጨረሻ። «በላዩ ላይ የመኪና ቻርጅ ማድረጊያ እንተክላለን።»

«ግማሽ እንጀራችንን ልትቀብሪ ነው?»

«አሁን ከውጭ የሚገባውን መኪና አላየህም? በመብራት የሚሄድ ነው። እንድሪስ ይህን ቤት ለመንገደኛ ብሎ ከፈተው። መንገደኛው የፈለገውን እንሸጥለታለን።»

ሁለት ማሽኖች ተተከሉ። መብራት ሲጠፋ እንዲያግዝ ጣሪያው ላይ ሶላር ተዘረጋ፤ በጎኑ ዳስ ተጥሎ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ መጠበስ ጀመረ። ግን ቻርጅ የሚያደርግ ማንም አልመጣም። ወራት አለፉ። ነጫጮቹ ማሽኖች ጉም ውስጥ ቆመው ሰው የሚጠብቁ ይመስላሉ፤ ፍየሎች ይታከኩባቸዋል። አሕመዲን «የሀጀራ ሐውልት» አላቸው። እሷም አንዳንድ ቀን ተሳስቼ ይሆን ትላለች።

ዓመት አልፎ በመጣው መስከረም፣ የግሸን ማርያም ንግሥ ሲቃረብ፣ አንድ ማለዳ ሚኒባስ ያለ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ ወጣ። ሀጀራ ጉሙ ራሱ ቅርፅ ይዞ የመጣ መሰላት። ዝናው የሚባለው ሾፌር በመስኮት ብቅ አለ።

«እናት፣ ይሠራል እንዴ? ከኮምቦልቻ ወዲህ ልቤ ተንጠልጥሎ ነው የመጣሁት።»

«ኢንሻአላህ ይሠራል» አለችና ገመዱን ጎትታ አመጣች። ገመዱ ሲሰካ አረንጓዴ መብራት በራ።

ነጭ የለበሱት ተሳፋሪዎች ወርደው ወደ ሐይቁ ተበተኑ። ከሩቅ ሲታዩ በውሃው ላይ የሚራመዱ ይመስላሉ። ሲመለሱ ርቧቸዋል፤ የዕለቱን ዓሣ ጨረሱት። ናፍጣ የሚቀዳ ሰው ቶሎ ይሄዳል። እነዚህ ግን ተቀምጠው በሉ፣ ጠጡ፣ ለመንገድም አስቋጠሩ። ዝናው ለጓደኞቹ ነገራቸው፤ እነሱም መጡ። የጭነት መኪኖችም ከአዲሱ ታንክ መቅዳታቸውን አልተዉም።

በጥር አሕመዲን አጠገቧ መጥቶ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እቴ፣ ሦስተኛ ማሽን ብንጨምርስ?»

ሀጀራ አልሳቀችበትም። «ቦታውን አንተ ምረጥ» አለችው። የለተብርሃን ምንጭ እስኪጠራ ግን ሁለት ክረምት ፈጀ፤ እስከዚያ ድረስ ባጃጁ አንድ ቀን አልቀረም።

ከዚያ በኋላ በአንድ የጥቅምት ጠዋት፣ ዝናው ወደ ውጫሌ ሲሄድ ሀጀራን ከፊት አስቀመጣት። በነዳጅ መካከል ሃያ ዓመት ኖራ በመብራት መኪና ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው። የአምባሰል ተራሮች ከጉሙ በላይ ተንጠልጥለዋል፤ መንገዱ በማሽላው መካከል ይጠማዘዛል። መስኮቱን ዝቅ አደረገችው። መኪናው እየሄደ የወፎች ጫጫታ ይሰማል፤ ከማሳው ደግሞ ሰው ሲጣራ፣ ሌላው ሲመልስ።

«ቀስ በል፣ ልጄ» አለችው። «ምን እንደሚባባሉ ልስማ።»