በኅዳጉ ላይ ያለው መስመር

"ለምሳ መዝጋት አለብኝ" አለች የመዛግብት ክፍሉ ኃላፊ፣ ቁልፏን ጣቷ ላይ እያሽከረከረች።

"አንዴ ብቻ፣ እህቴ። መብራቱን በጎን በኩል ያዢልኝ።"

ተመራማሪዋ ከብራናው ቀና አላለችም። ማጉያ መነጽሯን ከገጹ መካከል ወደ ኅዳጉ፣ ከኅዳጉ ወደ መካከል አመላለሰች። ቀለሙ እዚህም እዚያም ያው ወደ ቡናማ የደበዘዘ ጥቁር ነው። የፊደሉ አጣጣልም አንድ ነው። ያ የጥንት ጸሐፊ በአንድ ዓይነት ቃል የሚጀምሩ ሁለት ተከታታይ መስመሮች ሲገለብጥ ዓይኑ አንዱን ዘሎታል፤ ነገሩን ሲያውቅ የዘለለውን ራሱ ጠርዙ ላይ አስፍሮታል። በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ጉዱ ግን አስተማሪዋ የነበሩት ፕሮፌሰር በዚህች አንዲት መስመር ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ ክርክራቸውን መገንባታቸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች "እግዚአብሔር አንድ ነው" እያሉ ያደጉ ሰዎች ነበሩ። ታዲያ ከመቼ ጀምሮ ነው ኢየሱስን በጸሎታቸው የጠሩት? "ከብዙ ትውልድ በኋላ" ይላሉ ፕሮፌሰሩ። ዋናው ማስረጃቸው ይህ የጸሎት መጽሐፍ ነው፤ ኢየሱስን የሚጠራው መስመር ኅዳጉ ላይ ስላለ፣ በኋላ ዘመን ሌላ ሰው ጨምሮታል ብለው ደመደሙ። ያን ጊዜ ብራናው ለጥገና ተቆልፎበት ስለነበር ያዩት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፉን ነው። ብራናው ሲከፈት ደግሞ የእሳቸው ዓይን ደከመ። ከዚያ ወዲህ ጽሑፋቸውን በየጉባኤው የምታነብላቸው እሷ ናት። ዛሬ ከሰዓት በኋላም ታነባለች። የማስተማር ውሏ የሚታደሰውም በእሳቸው ፊርማ ነው።

"ምን አገኘሽ?" አለች ኃላፊዋ።

"ጋሼ ተሳስተዋል።"

"ዝም አይነቅዝም፣ የኔ እናት። መጀመሪያ ውልሽን አስፈርሚ፤ ከዚያ እንደልብሽ ተናገሪ።"

"እስከዚያማ መጽሐፋቸው ይታተማል። ተማሪው ሁሉ ሸምድዶት ቁጭ ይላል።"

ፕሮፌሰሩን በቢሯቸው መነጽራቸውን በክራባታቸው ጫፍ ሲወለውሉ አገኘቻቸው። ሲወለውሉ ይበልጥ እንደሚያቆሽሹት ከነገረቻቸው ስንት ጊዜዋ! እሳቸው ግን ከሰው ምክር ይልቅ ክራባታቸውን ያምናሉ።

"ቀለሙ አንድ ነው፣ ጋሼ።"

"ቀለም ሲያረጅ ሁሉም ይመሳሰላል።"

"እጅ ጽሑፉም የአንድ ሰው ነው። በሌሎች ስድስት ገጾችም የዘለለውን ኅዳጉ ላይ መልሶታል፤ አመሉ ነው።"

"አሃ! ከሰባኪዎቹ ጋር ወገንሽ ማለት ነው? ነገ በየመድረኩ 'ምሁራኑም አመኑ' ሲሉ ትሰሚያለሽ።"

"ከማንም ጋር አልወገንኩም። ይቺ መስመር ጸሎቱ መቼ እንደተጀመረ አትነግረንም። በኋላ ተጨመረ ለማለት ግን ማስረጃ አትሆንም። እኔ የምለው ይኸንኑ ብቻ ነው።"

"ብራና ማንበብ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ!"

"እርስዎ ነዎት። 'ገጹን ሳታዪ አትመስክሪ' ያሉኝም እርስዎ ነዎት።"

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "ዕውር ነዎት እያልሽኝ ነው?"

አንጀቷን በሏት። ከአባቷ ቀጥሎ የምታከብረው ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። ቢሆንም አላልኩም ብላ ልታባብላቸው አፏ አልታዘዘላትም።

እሳቸውም ድምፃቸውን አለዘቡ። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ልጄ። ዛሬ እንደተጻፈው አንብቢልኝ። የአንቺን በሚቀጥለው እትም በግርጌ ማስታወሻ እናስገባዋለን። ውልሽንም ዛሬውኑ እፈርማለሁ።"

"ነግቷል እኮ፣ ጋሼ።"

"አንብቢ ነው ያልኩሽ!"

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ፕሮፌሰሩ ከፊት ወንበር ላይ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ተቀመጡ። እሷ ዘጠኙን ገጽ እንደ ወትሮው አሳምራ አነበበች፤ ቆም ማለት የሚወዱበት ቦታ ላይ ቆመች፣ የሚያስቀው ላይ ሕዝቡን አሳቀች። አሥረኛው ገጽ ላይ ያቺ መስመር መጣች። የሌላውን ሰው ቃል መቁረጥ ነውር ነውና፣ ስለ መስመሯ ያሉትን አንዲት ቃል ሳታጎድል ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ ገጹን ገልብጣ አስቀመጠችው።

"እስካሁን የሰማችሁት የፕሮፌሰሩን ነው" አለች። "ብራናውን ዛሬ ጠዋት በዓይኔ አይቼዋለሁ። በዚህ ነጥብ ከእሳቸው ጋር አልስማማም።"

አዳራሹ ተንጫጫ። የስብሰባው መሪ እስክሪብቶው ከእጁ አመለጠው።

"ገጽ አሥራ አንድ!" አሉ ፕሮፌሰሩ ከወንበራቸው ሳይነሱ። "ገጽ አሥራ አንድን አንብቢ፣ አለዚያ ወርደሽ ቁጭ በይ!"

ገጽ አሥራ አንድን ካነበበች ውሏ ማታውኑ ይፈረማል፤ ነገም እንደ ልማዷ ክፍል ገብታ ታስተምራለች። ይህን አሳምራ ታውቀዋለች። ፈርታለችም፣ ተናዳለችም፤ ንዴቱ በለጠ።

የቀሩትን ገጾች ሰብስባ ለስብሰባው መሪ ሰጠችው።

"የእሳቸውን ሌላ ሰው ያንብብላቸው" አለች፣ ድምፅ ማጉያውን ወደ ራሷ እየሳበች። "እኔ ያየሁትን ልናገር።"